ቫይረስ የበላው ዋንጫ

የኮምፒውተር ጌሙ ፋይል የጠፋበት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ብዙ ገጥመውኛል፤ እየተሸነፈ ሳለ የጠፋበት ግን አንድም አላየሁም። የሁሉም የሚጠፋው ዋንጫ ሊያነሣ አንድ ጨዋታ ሲቀረው ነው።

ደብረ ማርቆስ ያለው የጂኦግራፊ መምህር ወዳጄ እንዲሁ ነው። በጌም የሚያሠለጥነው የእግር ኳስ ቡድን ሊጉን እየመራ ሳለ ጌሙን ያስቀመጠበትን ፍላሽ ቫይረስ በላበት። በጥቅምት ሲነግረን ቡድኑ በሦስት ነጥብ ይመራ ነበር፤ ለፋሲካ ልዩነቱ ዘጠኝ ደረሰ። የጠፋ ቡድን እንዴት ነጥብ ይጨምራል? ባልደረቦቹ ይህን አልጠየቁም፤ ጭራሽ «አሠልጣኝ» እያሉ ሻይ ቤት ወንበር ይለቁለት ጀመር።

እኔ ግን ጋዜጠኛ ነኝ፤ ማስረጃ እወዳለሁ። ፍላሹን አስይዤ ኮምፒውተር ጠጋኟ ትርሲት ዘንድ ወሰድኩት። ቫይረሱ ፋይሉን ደበቀው እንጂ ስላላጠፋው ወዲያው አወጣችው። ጌሙ ሲከፈት ቡድኑ ከሃያ ክለቦች አሥራ ስምንተኛ ነው።

መምህሩ መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ።

«ቫይረሱ ነጥብም ይበላል እንዴ?»

«ኧረ መምህር፣ መደበቅ እንጂ መቀነስ አይችልም። ሌላ ፍላሽ ላይ ልገልብጥልዎ?»

ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝና ወደ ትርሲት ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ተይው እቴ፤ የጠፋው ይሻለኛል።»