የክቡር ላስብበት የልምምድ ጉዞ

ላስብበት የሌለበት ሰፈር ገና ሰፈር አልሆነም። ሰፈር ሲቆረቆር መጀመሪያ ባለ ሱቅ ይመጣል፤ ቀጥሎ ሐሜተኛ ይመጣል፤ ሦስተኛው ላስብበት ነው። ታውቁታላችሁ። ዝናብ ሲጥል ጥላዬን ልዘርጋ ወይስ ልሩጥ እያለ የሚበሰብሰው ሰውዬ ነው። አውቶቡስ ቆሞለት፣ በር ተከፍቶለት፣ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ ሰቅሎ ተሳፋሪውን ሁሉ የሚያስረግመው እሱ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእሱ እንቁላል ግን እግር ካወጣም በኋላ ወዴት ልሂድ ብሎ ሰው ያማክራል።

እኚህ የምናወራላቸው ክቡርነታቸው፣ ሊቀ ሐሳብ ላስብበት፣ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ናቸው። "ናቸው" ያልነው ለማዕረጉ ነው። ሚስቱ "አንተ" ነው የምትለው፤ እኛም ከእሷ አንበልጥም።

ሚስቱ ክሊኒክ ውስጥ ጽዳት ትሠራለች። ምን እንዳገባች አሳምራ ታውቃለች። በልጅነታቸው ላግባሽ ብሎ ሊጠይቃት አስቦ፣ ልጠይቃት ይሆን እያለ በደጃቸው ሲመላለስ ጫማው አለቀ። በመጨረሻ እሷው ወጥታ፣ "ጫማህ ከሚያልቅስ እኔ ልጠይቅህ። ታገባኛለህ?" አለችው። "እስቲ ላስብበት" አላት። ሦስት ልጅ ወልደው፣ እናቱን ቤታቸው አምጥተው፣ ጠጉራቸው ሽበት ጣል ጣል ካደረገበት በኋላም ቢሆን "እሺ" ማለቱን አታስታውስም። የመጀመሪያ ልጃቸውም ስም ሲታሰብላት "ልጅቱ" እየተባለች ለትምህርት ደረሰች። ስም ያወጣላት መዝጋቢው ነው፤ ሰልፉ ረዝሞበት፣ አባትየው ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ ትዕግሥቱ አልቆበት።

የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ያወጣው ያቺው ልጅ ስትድህ ነበር። ፈቃዱን ሲያሳድስ፣ ደግሞ ሲያሳድስ፣ ልጅቱ ቁመቷ ከእናቷ ተስተካከለ። እሱ ግን መሪ የሚጨብጠው የሰው መኪና ወንበር ሲለካ ብቻ ነው። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ጋቢና ይወጣል። ልኩን ከወሰደ በኋላ ወዲያው አይወርድም። ማርሹን ይዳብሳል። ፊት ለፊቱ ያለው የግቢው ግድግዳ ነው፤ እሱ ግን ዐይኑን ጨፈን ሲያደርግ ግድግዳው ይከፈትና ሜዳ ይሆናል፣ ከሜዳው ወዲያ ሰማያዊ ተራራ፣ ከተራራው ወዲያ ሌላ መንገድ። የሰፈሩ ልጆች የገጠሙለት ግጥም አለ፤ ገመድ ሲዘሉ ያዜሙታል፦

ልሂድ ወይስ ልቅር እያለ ሲያማክር፣
ጎህ ቀዶ መሸበት ጫማውን ሳያስር።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ከፋብሪካ ተሰፍቶ የሚመጣ የወንበር ልብስ ገበያውን ካጥለቀለቀው ወዲህ ወደ ሱቁ የሚገባው ነፋስ ብቻ ነው። የስፌት መኪናው አቧራ ለበሰ። ሚስቱ ከክሊኒኩ የምታገኘው ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ አፉ ደግሞ ስድስት ነው። መሀለኛው ልጅ የእህቱን ጫማ አድርጎ ትምህርት ቤት መሄድ ከጀመረ ሰነበተ። ላስብበት ጠዋት ጠዋት ሱቁን ይከፍታል፣ መቀሱን ይስላል፣ የተሳለውን መቀስ ያያል፣ ማታ ይዘጋል።

እንዲህ ባለበት ጊዜ ነው አንድ የተሳቢ መኪና ባለቤት፣ ጠና ያሉ ሰው፣ ሱቁ ድረስ የመጡት። የቆየ ሹፌራቸው ጉልበቱ እምቢ ብሎት ቤት ገብቷል። ፈቃድ አለህ፣ አትጠጣም፣ አትቸኩልም አሉት፤ በተለይ አለመቸኮሉን ሦስት ጊዜ ደጋገሙለት። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ መልስ ካልሰጠህ ሌላ ሰው አስገባለሁ ብለውት ሄዱ።

ያን ሳምንት ሰፈሩ ሥራ ፈታ። ፀጉር አስተካካዩ ሂድ አለው፤ እሱ ሂድ ሲል ደግሞ እጁ ላይ ያለው ግማሽ የተላጨ ሰው አትሂድ አለው። መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ ልጅ ስለ ወገብ ሕመም አስረድታ፣ የሚጠጣ ነገር ሸጣ ሰደደችው። ትራፊክ ፖሊሱን መስቀለኛ መንገድ መሀል አቁሞ ስላማከረው መኪናው ሁሉ ጡሩንባውን ለቀቀበት። እናቱ ልብህ ያለህን አድርግ ብለው መርቀውት ሲያበቁ፣ ዞር ሲል አለቀሱ። በመጨረሻ ጉልበቱ እምቢ ያለውን ሹፌር ሊያይ ሄደ። ሚስቱም አብራ ነበረች፤ ሰውየው ያላቸውን ከዚያ ወዲህ ከጆሮዋ ማውጣት አልቻለችም።

"ልጆቼን ያሳደግኳቸው በስልክ ነው" አላቸው፣ ጉልበቱን እያሸ። "ደህና አድርጌ አሳድጌያቸዋለሁ፣ አንድም የጎደለባቸው ነገር የለም። አሁን ሳሎን ስገባ ተነሥተው፣ ‘ይቀመጡ’ ይሉኛል። እንደ እንግዳ።"

ሲመለሱ መንገድ ላይ እሷ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ካልሄደ ቤቱ ይፈርሳል፤ ከሄደ ቤቱ ይቆማል፣ እሱ ግን እንግዳ ይሆናል። ከዚያም አልፎ ቁልቁለት አለ፣ ፍሬን አለ፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ገደል ሥር የተኙ መኪኖች አሉ። እሷ የምታውቃት የድሮ ዜማ አለች፤ ወለል ስትወለውል ሳታስበው ታንጎራጉራታለች፦

የመንገደኛ ሚስት ምን ብላ ትተኛ፣
አልጋው ግማሽ ባዶ፣ ልቧ መንገደኛ።

በማግስቱ ላስብበት ሻንጣ ይዞ ከመኝታ ቤት ወጣ። የልምምድ ጉዞ ልሄድ ነው አለ። እሱ ሲሄድ ቤቱ ምን እንደሚመስል ሳያይ እንዴት ይወስናል? ስለዚህ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ የለም፤ አገር አቋርጧል፤ ሱቁ ውስጥ ስፖንጅ ላይ ያድራል። ሱቁ ከቤታቸው ሁለት ቅያስ አልፎ ነው። እናቱን ጉልበት ስሞ፣ ልጆቹን አገላብጦ ስሞ፣ ሚስቱን ተሰናብቶ፣ እውነተኛ መንገደኛ እንደሚያደርገው ሦስቴ ዞር ዞር ብሎ እያየ ሄደ።

ወደ ሥራ ስትሄድ በሱቁ ደጅ ማለፏ አይቀርም። በሩ ላይ ቆሞ፣ ከሩቅ አገር እንደሚደውል ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ቤት ሰላም ነው?" አላት።

"ደህና ነን። መንገዱ እንዴት ነው?"

"አቧራ ነው" አለ፣ እውነቱን ነበር።

ምሳ ላምጣልህ ስትለው ሹፌር ከቤቱ ምሳ አይመጣለትም ብሎ ተቆጣ። እየሳቀች አለፈች። ቅያሱን ስትታጠፍ ሳቋ የት እንደ ገባ አላወቀችም።

የመጀመሪያው ምሽት ላይ ቤቱ እውነትም ፈረሰ። ትንሿ ልጅ የአባቷን ትራስ በሩ ሥር አንጥፋ፣ ካልመጣ አልነሣም አለች። መሀለኛው ከታላቅ እህቱ ጋር ተጣልቶ አኩርፎ ተኛ። አማቷ እህል አልቀምስም አሉ። ሁለት ቅያስ እኮ ነው እማማ ብትላቸው፣ "የሄደ ሰው ሁለት ቅያስም ሄደ፣ ባሕርም ተሻገረ፣ ያው ነው" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሷ ራሷ የእሱን ብርጭቆ ሞልታ ካስቀመጠች በኋላ ነው የሚጠጣው ሰው እንደሌለ ትዝ ያላት።

በሁለተኛው ቀን፣ ለዐይን ያዝ ሲያደርግ፣ የታጠበ ልብስ ልታወርድ ወጣች። የቆርቆሮው በር ከታቹ ክፍት ነው፤ ድመት ያሳልፋል። በዚያ ክፍተት ሁለት ጫማ አየች። አንዱ አፍንጫው ላይ በቀይ የወንበር ቆዳ ተለጥፏል፤ እንዲህ ያለ ጫማ በዓለም ላይ አንድ ነው። ጫማዎቹ አልተንቀሳቀሱም። ሰውየው በራሱ በር ላይ እንደ ለማኝ ቆሞ የቤቱን ድምፅ ያዳምጣል።

ስታገባው ፈሪ ነው ብላ ነበር ያገባችው፤ ፈሪነቱን ለምዳው፣ ሸፍናለት፣ አንዳንዴም ተናዳበት ኖራለች። ያን ጊዜ ግን፣ እርጥብ አንሶላ ታቅፋ፣ እሱ ላስብበት ባለ ቁጥር የሚያስበው ማንን እንደ ነበረ ገባት። አንሶላውን ጥላ፣ በሩን ከፍታ፣ ግባ ልትለው አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቷት ነበር።

አልከፈተችም። ይህ ሰው የልጁን ለቅሶ ከሰማ አበቃ፤ ሌላ ዐሥር ዓመት ያስባል፤ ቤቱ ደግሞ ዐሥር ዓመት የለውም። ቀስ ብላ ተመልሳ ገባችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አባታችሁ በር ላይ ቆሟል። ሳቁ።"

"ምን ያስቃል?" አለ መሀለኛው።

"ምንም አያስቅም። ሳቁ።"

ትልቋ ቀድሞ ገባት፤ ጀመረች። ልጁ ጥርሱን እንደ ነቀሉት ሰው ሳቀ። ከሁሉ የበለጡት አማቷ ናቸው። ቀና ብለው ተቀመጡና፣ ሟች ባላቸው አኩርፎ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያደረ ቀን መሰላሉን ማን እንደ ወሰደበት ያወሩ ጀመር። ሲስቁ እንባቸው ወረደ፤ እንባው የየትኛው እንደ ሆነ ማንም አልጠየቃቸውም። ትንሿ ብቻ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እናቷ ጭኗ ውስጥ ሸጎጠቻት። ለምን ማልቀስ አይቻልም አለች ትንሿ። አባባ ሲሄድ ታለቅሻለሽ፣ አሁን አይቻልም አለቻት።

እንዲህ ሆኖ ሳምንቱ አለቀ። ሲመሽ ሲመሽ ጫማዎቹ ይመጣሉ፤ ቤቱ ይስቃል፤ ጫማዎቹ ይሄዳሉ። ጎረቤት ሀብት ወረሱ እንዴ ብሎ ማማት ጀመረ። ቀን ስታገኘው ስለ መንገዱ ትጠይቀዋለች፤ አቧራ ነው ይላታል፤ ይበልጥ ከስቶ ታየዋለች።

የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ሻንጣውን ይዞ ገባ። ሲገባ አልተቀመጠም። ለባለ መኪናው እሺ ብያቸዋለሁ አላት።

እጇ ላይ የነበረው መወልወያ አልወደቀም፤ አጥብቃ ይዛው ነበር።

"ማንን አማክረህ?"

"ማንንም።"

ይሄን ቃል ከአፉ ለማግኘት ስንት ዘመን ለፍታለች። አሁን ሲመጣላት ደረቷ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተቀመጠ። ውጪ ላይ ወሬው ሲሰማ ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን ጣለ ይባላል። እሷ ግን የታጠበውን ዕቃ መልሳ አጠበች።

የሚሄድበት ጠዋት ሲሚንቶ የጫነው ተሳቢ ዋናው መንገድ ዳር ቆሞ ያጓራ ነበር። የጋቢናውን ወንበር ራሱ ባስቀረው ቆዳ አልብሶታል፤ ስፌቱ እንደ ሙሽራ ልብስ የተጠነቀቁለት ነው። ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር፤ ለላስብበት ውሳኔ ምስክር መሆን በየዘመኑ አይገኝም። ሻንጣውን ልታቀብለው በጋቢናው ደረጃ ላይ ወጣች። ከዚያ ከፍታ ላይ ፊቱን በቅርብ ስታየው ሁሉንም ልትነግረው አፏን ከፈተች። አልሳቅንም ነበር፣ አንድም ቀን አልሳቅንም፣ ልትለው።

ቀደማት። "ፈርቼ ነበር" አላት፣ መሪውን እየዳበሰ። "እኔ ከሌለሁ የሚፈርስ ይመስለኝ ነበር። ሄጄ ሄጄ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። እንዳትቆጪኝ። ስትስቁ ሰማሁ፤ እናቴም ስትስቅ ሰማሁ። ሳስበው ሳስበው... ከዚያ ወዲያ የማስበው አጣሁ። እሱን ይዤ ነው የምሄደው።"

አፏን ገጠመች። ቁልቁለቱን በምን ይወርደዋል፣ ይህንን ከቀማችው?

"እሱማ... እናትህ ሰው ያስቃሉ" አለችው። "በሩን ጠበቅ አድርገህ ዝጋ። ሲደክምህ ቁም። ደውል።"

ወረደች። መኪናው አንድ ጊዜ ተንገጫግጮ፣ እየከበደው፣ ተነቀለ። አቧራው መጣባቸው። እሱ አንገቱን አውጥቶ አላየም፤ ሹፌር ፊቱን ወደ መንገዱ ነው። ትንሿ የእናቷን ቀሚስ ሳበች።

"እማዬ፣ አሁን ማልቀስ ይቻላል?"

"ቆይ። ስፖኪዮ አለው። ያየናል።"

ስለዚህ ቆሙ። ጥርሳቸውን ገልጠው፣ እጃቸውን እያወዛወዙ፣ ፎቶ እንደሚነሡ ሰዎች ተደርድረው ቆሙ። መኪናው አቀበቱን በዝግታ፣ እንደ ጌታው በዝግታ ወጣ፤ ጫፉ ላይ አነሰ፤ ታጠፈና ጭሱ ብቻ ቀረ።

"እማዬ?" አለች ትንሿ።

አያቷ ናቸው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው እሷንም እናቷንም ወደ ራሳቸው እየሳቡ፣ የመለሱላት።

"ይቻላል፣ የኔ ልጅ። እናትሽ ጀምራለች።"