እናቴ ንጹሕ ሱፍ ናት

ሕልሙን ያየሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ትናንት፣ በምሳ ሰዓት።

የምሠራው አሮጌ የሱፍ ልብስ ተበጣጥሶ እንደገና ብርድ ልብስ በሚሆንበት ፋብሪካ ነው። ከባሕር ማዶ በጥቅል በጥቅል የሚመጣውን ካፖርትና ሹራብ እኔና ጓደኛዬ አልጣሽ እንለየዋለን። ንጹሕ ሱፉ እኛ “ጅቦ” የምንለው ባለ ብረት ጥርስ ማሽን ውስጥ ይገባል፤ መዘውሩን አዙሬ የማስነሣው እኔ ነኝ። ጅቦ ይበጣጥሰዋል፣ በወዲያ በኩል እንደ ባዘቶ ለስልሶ ይወጣል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል። ናይሎን ወይም ጥጥ ያለበትን ድብልቅ ግን ጅቦ አይፈልገውም፤ ወደ ውጭ እንወረውረዋለን። በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።

ትናንት ምሳችንን በልተን ጥቅሎቹ ላይ ጋደም አልን። አልጣሽ ስለማይለቃት ጉንፋኗ ታወራልኝ ነበር። መሃል ላይ ድምፅዋ ራቀብኝ።

ቀና ስል ካፖርቶቹ ወንበራችን ላይ ተቀምጠው ሰው ይለያሉ።

ሰዎቹ በሽቦ ታስረው በጥቅል ነበር የመጡት። አንድ ግራጫ ካፖርት ሽቦውን ቆረጠና አንድ ሰውዬ በአንገቱ ይዞ ጎትቶ አወጣ። ወደ ብርሃን አንሥቶ አገላበጠው።

“ይኼ ከምን ነው የተሠራው?” አለው አጠገቡ የተቀመጠው ሹራብ።

“ግማሹ ፍርሃት ነው።”

“ግማሹስ?”

“ሌላ ዓይነት ፍርሃት።”

“ድብልቅ ነው፤ ወርውረው።”

ሰውዬው በመስኮት ተወረወረ። ውጭ ወድቆ ተነሣና አቧራውን አራግፎ፣ እየሣቀ ወደ ቤቱ ሮጠ። እኔም ልሮጥ ፈለግኩ፤ እግሬ ግን እምቢ አለኝ። በግቢው ውስጥ በጎች መቀስ ይዘው፣ የተሰለፉ ወንዶችን ይሸልታሉ። ራሰ በራዎቹን “ለከርሞ ተመለሱ” እያሉ ያባርሯቸዋል። ራሰ በራዎቹ ግን አልሄዱም፤ ተራቸውን ያጡ መስሏቸው ይጨቃጨቃሉ።

“ደብሪቱ!” ብሎ የጠራኝ ሥራ አስኪያጁ ነበር። ቢሮው ገብቼ እጅ ነሣሁ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ክርኑ ያለቀ አሮጌ የወታደር ካፖርት ነው። ውስጡ ማንም የለም።

“መጀመሪያ በግ ነበርኩ” አለኝ፣ ሳልጠይቀው። “ከዚያ ካፖርት ሆንኩ። ወታደሩ ሞተ፣ እኔ ቀረሁ። አንድ ጨርቅ ለቃሚ በጀርባው ተሸክሞ ከተማ ለከተማ ሲያዞረኝ ከረመ። በጣጠሱኝና ብርድ ልብስ ሆንኩ፤ ሆስፒታል ተኛሁ። እንደገና በጣጠሱኝና የተማሪ ሹራብ ሆንኩ፤ ሦስተኛ ክፍል ወደቅኩ። እንደገና በጣጠሱኝ። በተበጣጠስኩ ቁጥር ክሬ እያጠረ ሄደ። አሁን ብዙውን ነገር አላስታውሰውም።”

“አሁንስ ምን ሆኑ?”

“ሥራ አስኪያጅ።”

ያለቀ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

“ሁለት መቶ ዓመት እኛ ስንበጣጠስላችሁ ኖርን” አለ። “ዘንድሮ ተራው የእናንተ ነው።”

“ሰው ተበጣጥሶ ሲሠራ ምን ይወጣዋል?”

“ሰው።”

“ያው የነበረው ሰው?”

“ትንሽ አጠር ያለ።”

ወደ መለያው አዳራሽ ስመለስ አዲስ ጥቅል ተፈትቶ ነበር። ከመሃሉ እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች።

እናቴ መንዝ ስትኖር የበግ ጠጉር ፈትላ ባና የሚባለውን ብርድ ልብስ የምታሠራ፣ በእጇ የታወቀች ሴት ነበረች። ዛሬ ጣቶቿ ስለደረቁ እኔ ነኝ የማጎርሳት። በሕልሜም ያው ነበረች። አንገቷ ላይ ጠጉር ያላት አንዲት ካፖርት የእናቴን ክንድ በሁለት እጅጌዎቿ መሃል አድርጋ አሸት አሸት አደረገች። ልክ እኔ በየቀኑ እንደማደርገው።

“ኧረ ይህችን እዩልኝ!” አለች ካፖርቷ። “እንዴት ያለ ረጅም ክር ነው! አንድ ቦታ እንኳ አልተቀጠለችም።”

ረጅም ክር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ጅቦ ፊት መጀመሪያ የሚቀርበው እሱ ነው።

“ድብልቅ ናት!” ብዬ ጮኽኩ። “ጥጥ አለባት! ናይሎንም አለባት!”

እናቴ ቀና አለች። “ማን ናት ጥጥ ያለባት?”

“እማዬ፣ ዝም በይ።”

“ምን ዝም እላለሁ! እኔ የተሰማ ወልደየስ ልጅ! በአባቴም በእናቴም ጥርት ያልኩ የመንዝ ሱፍ ነኝ!”

“እማዬ፣ ድብልቁን እኮ ይለቁታል! ሮጦ ቤቱ ይገባል!”

“በድብልቅነት የተለቀቀ ሰው በምን ፊቱ ነው ሰፈር የሚገባው?”

ካፖርቶቹ ደስ ብሏቸው አጨበጨቡ። ባዶ እጅጌ ስለሆነ ድምፅ አልነበረውም። እናቴ ግን ምስጋናውን ራሷን ዝቅ አድርጋ ተቀበለች። ከዚያም አንሥተው ወደ ጅቦ የሚወስደው ቀበቶ ላይ አስቀመጧት።

“ማሽኑን የምታስነሺው አንቺ ነሽ” አሉኝ።

“እምቢ።”

“አሥራ አንድ ዓመት ስታስነሺው እምቢ ብለሽ ታውቂያለሽ?”

እጄ የለመደውን መዘውር ያዘ። እናቴ ታክሲ ውስጥ እንደተሳፈረ ሰው ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ “ይኼ ነገር የት ነው የሚያወርደኝ?” አለችኝ። መዘውሩን በተቃራኒው ጠመዘዝኩት።

ጅቦ ጓጎረ። ከዚያ ወደ ኋላ መዞር ጀመረ።

ብርድ ልብሶች ከመጋዘን እየበረሩ መጥተው በጅቦ ጀርባ ገቡ፤ በወዲህ በኩል ሹራብ ሆነው ወጡ። ሹራቦቹ ተመልሰው ገቡና ካፖርት ሆነው ወጡ። ካፖርቶቹ ውስጥ ወታደሮች ነበሩ። አንዱ ትከሻውን እያራገፈ፣ “ጦርነቱ አለቀ ወይ?” ብሎ ጠየቀ።

“ገና አልተጀመረም” አለው አንድ በግ።

“እንግዲያው ልጠብቅ” አለና ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው እየሮጠ ወጣ። “አቁሚው! ስንት ነገር ሆኜ ነው እዚህ የደረስኩት!” ብሎ ጀመረና ንግግሩን “ባ” ብሎ ጨረሰው፤ በግ ሆኗል።

ቀበቶው እናቴን ከጥርሱ እያራቀ መለሳት። እፎይ አልኩ። የፊቷ ሽብሽብ ተዘረጋ። ጣቶቿ ተፍታቱ፤ ከቦርሳዋ እንዝርት አውጥታ ሽክርክር አደረገችው። በደስታ አለቀስኩ። ጸጉሯ ጠቆረ፣ ጥርሷ ሞላ፣ ወገቧ ቀጠነ። ዞር ብላ አየችኝ።

“አንቺ ማነሽ?”

“ልጅሽ ነኝ እማዬ፤ ደብሪቱ።”

“ምን ልጅ አለኝ? ገና መች አገባሁ!”

እጄን አየሁ። ትንሿ ጣቴ የለችም። በቦታዋ ቀጭን ክር አለ፤ ክሩ እየተሳበ ሄዶ እናቴ እንዝርት ላይ ይጠመጠማል። ቀጥሎ የቀለበት ጣቴ ተተረተረ። አያምም፤ እንዲያውም አለማመሙ ነው ያስፈራኝ።

“እማዬ፣ አቁሚ! እኔን ነው የምትፈትዪው!”

“ጥሩ ክር ነው” አለች፣ ቀና ሳትል። “ከየት አገኘሽው?”

መዘውሩን ብመልሰው እናቴ ወደ ጥርሱ ትሄዳለች። ባልመልሰው እኔ አልቃለሁ። መዘውሩን የያዘው እጄ እስከ አንጓው ተተርትሯል። ለመጮኽ አፌን ስከፍት ድምፄም ክር ሆኖ ወጣ። እናቴ ጫፉን በምራቋ አርሳ ያዘችው፤ ሳብ ስታደርገው የፋብሪካው ሳይረን ጮኸ።

አልጣሽ ትከሻዬን ትነቀንቀኛለች። ጣቶቼን ቆጠርኩ፤ ሙሉ ናቸው።

“ተነሺ፣ ነይ ይኼን ጉድ እዪ” አለችኝ።

ጠዋት የገባው ጥቅል ተፈትቷል። ውስጡ ካፖርትም ሹራብም የለም። እንደታጠፈ፣ ላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ፣ ቡናማ ብርድ ልብስ ብቻ ነው። ምልክቱን ገልጬ አየሁት። የእኛው ፋብሪካ ነው። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ቤታቸውን ለወሰደባቸው ሰዎች ይደርሳል ተብሎ፣ እሑድ እንኳ ሳናርፍ የሠራነው። የት ዞሮ እንደተመለሰ የሚነግረን አልነበረም።

አልጣሽ አንዱን አውጥታ አሸተተችው። የፈረቃ ኃላፊያችን ጋሽ ዘውገ የጥቅሉን ወረቀት ይዘው ቆመዋል።

“ጋሼ፣ ይኼ እኮ አዲስ ነው” አለቻቸው። “ሰው አልነካውም።”

ጋሽ ዘውገ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ወረቀቱን አነበቡ፤ ገልብጠው ጀርባውንም አዩ።

“ልባሽ ነው የሚለው” አሉ። “ልባሽ ካለ ሰው ለብሶታል ማለት ነው። ለጅቦ ስጡት።”