ለሊቃችን ዋስ ጠፋ

በእኛ አገር አንድ ሰው ሊቅ መሆኑ እንዲታመንለት እውቀት ብቻ አይበቃውም፤ ትንሽ ነካ ያደረገው መሆን አለበት። ልብሱን ገልብጦ የለበሰ ሰው ምንም የማያውቅ ከሆነ ዝርክርክ ይባላል። ጥቂት የሚያውቅ ከሆነ ሐሳብ በዝቶበት ነው ይባልለታል። ብዙ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ገልብጠን የለበስነው እኛ ነን ማለት ነው። እስቲ አስቡት፤ በጊዜ የሚተኛ፣ ምሳውን የሚበላ፣ ሰው ሲያገኝ እንዴት ዋላችሁ የሚል ሊቅ አድንቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። እንዲህ ያለውን ሰው ደህና ልጅ ነው ብለን እናልፈዋለን።

እኛ የምሥራቅ ጎጃም ሰዎች ለዚህ ነገር ከማንም በላይ ማስረጃ አለን እንላለን። የቅኔ አገር ነን። አብሾ ሲባል ሰምታችኋል፤ የቆሎ ተማሪ ትምህርት እንዲገባው በጥብጦ ይጠጣዋል የሚባለው ቅጠል ነው። አእምሮ ይከፍታል ይላሉ። አከፋፈቱን ሁሉም ያወራል፤ አዘጋጉን የሚያውቅ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ስለዚህ ቢቸና ውስጥ አንድ ሰው ከወትሮው ወጣ ያለ ነገር ከሠራ፣ የሞተ ራዲዮ ቢያስነሣ ወይም ስብሰባ መሪውን ዝም ቢያሰኝ፣ ማብራሪያው አንድ ነው። አብሾ አለበት ይባላል።

ይሁኔም አብሾ አለበት ተባለ። ይሁኔ ከመናኸሪያው ጀርባ ሞባይል የሚጠግን ልጅ ነው፤ ልጅ የምለው ከእኔ ስለሚያንስ እንጂ ጢሙን ሽበት ጀምሮታል። የቅኔ ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። አብሾ የሚባለውን ቅጠል ከጎመን መለየቱንም እጠራጠራለሁ። ጥፋቱ ቼዝ መቻሉ ነው።

ቼዙን ወደ ቢቸና ያመጣው አንድ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ሲዛወር ሰሌዳውን ጋሽ ደምሌ ሻይ ቤት ጥሎት ሄደ። ከዚያ ወዲህ የጥቁሮቹ ንግሥት ጠፍታ በቦታዋ የጥፍር ቀለም ጠርሙስ ቆማለች። ከነጮቹ ፈረሶች አንዱ የባትሪ ድንጋይ ነው። እንግዳ ሰው ሊጫወት ሲቀመጥ የባትሪ ድንጋዩ ወዴት እንደሚዘል ግራ ይገባዋል። እኛ ለምደነዋል፤ እንዲያውም ሌላ አገር ሄደን እውነተኛውን ፈረስ ስናይ ይህ ደግሞ ምንድን ነው እንላለን።

ይሁኔ በዚህ ሰሌዳ ላይ የቢቸናን ሰው አንድ በአንድ አሸነፈ። ማንም ቁብ አልሰጠውም። ጎበዝ ልጅ ነው ተባለና ታለፈ። ነገሩ የተለወጠው ሕመሙ ሲጀምረው ነው። እንቅልፍ እምቢ አለው። እህል ተወ። ለመስኮት ጀርባዬን ሰጥቼ አልቀመጥም አለ። በልቤ የማስበውን የኔትወርኩ ማማ እየሰማ ለተጋጣሚዎቻችን ለሞጣ ሰዎች ይነግርብኛል ብሎ ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ መጣ። አንድ ቀን ደግሞ ከጥፍር ቀለሟ ንግሥት ጋር ረጅም ክርክር ገጠመ። ሳትረታው አልቀረችም፤ መጨረሻ ላይ ይቅርታ ጠየቃት።

ሊቅ የሆነው ያን ቀን ነው። ሻይ ቤቱ ሞላ። ወጣቶቹ በስልክ ቀረጹት፤ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ተሰራጨ። ከደጀን ሳይቀር መኪና እየተሳፈሩ ሊያዩት የመጡ ነበሩ። ፈተና የደረሰባቸው ተማሪዎች እንዲቀናቸው እጁን ጨብጠው ሄዱ። ጋሽ ደምሌ መስኮት ከሌለበት ግድግዳ ሥር አንድ ወንበር ለይቶ የሊቅ ወንበር አለው፤ ሌላ ሰው ከተቀመጠበት ያስነሣል። በውጭ አገር ካሉት የቼዝ ሻምፒዮኖችም አንዱ በሩን ዘግቶ ቀረ፣ ሌላው ከገዛ ጥላው ጋር ተጣላ እየተባለ ይወራ ጀመር። ማን፣ መቼ፣ የት ብሎ የጠየቀ የለም። እኛም የራሳችንን አገኘን፤ ከዓለም እኩል ሆንን። እብድና ብርድ ያስቃል በግድ ይባላል። ይሁኔ ግን አላሳቀንም፤ አስከበረን።

አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነበረች። በየዓመቱ ከጥምቀት ወዲህ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ቢቸናና ሞጣ በቼዝ ይጋጠማሉ። ይሁኔ ሊቅ ከሆነ ወዲህ ሞጣ ላይ አሸንፎ አያውቅም። የሚያሸንፈው ከድር የሚባል ጨርቅ ነጋዴ ነው። ከድር በጧት ሱቁን ይከፍታል፣ ይሰግዳል፣ ጨርቁን ይለካል፣ ምሳውን ይበላል፣ ይሁኔን ያሸንፋል፣ ወደ ሱቁ ይመለሳል። አንድም ቀን ከግድግዳ ጋር ሲነጋገር አልታየም። በዚህ የተነሣ ሞጣ ውስጥ የሚያደንቀው የለም። አንዱን የሞጣ ሰው ስለ ሻምፒዮናችሁ እስቲ ንገረኝ ስለው፣ ከድርን ነው? አዎ፣ ጨርቁ ጥሩ ነው አለኝ። ከዚያ በቅናት ዓይን እያየኝ፣ እናንተ ግን ታድላችኋል፣ የምር ያበደ አላችሁ አለ። እኔም አልካድኩም። ታዲያ ለምን ይሸነፋል ለሚለን ደግሞ መልስ ነበረን፤ ከድር የሚያየው ሰሌዳውን ብቻ ነው፣ ይሁኔ የሚያየው ከሰሌዳው ወዲያ ነው እንል ነበር። ጨዋታው ሰሌዳው ላይ መሆኑን ያነሣ ሰው አልነበረም።

ይህን ሁሉ አድናቆት የማትወድ አንዲት ሴት ነበረች። እናኑ ትባላለች፤ የይሁኔ ታላቅ እህት ናት። ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። እናትና አባታቸው በጊዜ ስለሞቱ ያሳደገችው እሷ ናት። እኛ ይሁኔን የምናየው ሻይ ቤት ነው፤ እሷ የምታየው ቤቷ ነው። እኛ ሊቅ ስንል እሷ ሱሪው ሰፋው ትላለች። እኛ ዝምታው ጥልቅ ነው ስንል እሷ አልቅሶ ደክሞት ነው ትላለች። አንድ ቀን ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆመችና፣ "ምነው እናንት ሰዎች፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል እህል በላህ ወይ የሚለው ይጥፋ?" ብላ ሄደች። ከዚያ አንዱ፣ መቼም የሊቅ ዘመድ መሆን ከባድ ነው ሲል ሁላችንም ተስማማን።

ዘንድሮ እናኑ ይዛው ደብረ ማርቆስ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ጠበሉንም አላስቀረችም፤ ጧት ጠበል፣ ከምግብ በኋላ ክኒን ሆነ። ከዚያ የሆነውን ብነግራችሁ እንደኛ ታዝናላችሁ። ይሁኔ ተኛ። ይሁኔ በላ። ጥጡን ከጆሮው አወጣ። አንድ ቀን ከሰዓት ጋሽ ደምሌ ሻይ ቤት መጣ፣ ሄዶ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠና እንዴት ዋላችሁ አለን። ጋሽ ደምሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ አለቀልን አለኝ።

የሞጣው ጨዋታ ደርሶ ነበርና ሰው ተማከረ። ክኒኑ አብሾውን ይገድለዋል፤ አብሾው ከሞተ ቼዙ ይሞታል፤ ቼዙ ከሞተ ቢቸና በምን ልትታወቅ ነው? በአገራችን ደንብ ነገር ሲከብድ ሽማግሌ ይላካል። ለጋብቻ ይላካል፣ ለእርቅ ይላካል፣ ለእርሻ ድንበር ይላካል። አንድ ሰው መድኃኒቱን እንዲተው ሽማግሌ በመላክ ግን የመጀመሪያዎቹ ሳንሆን አንቀርም። መሪጌታ ጥበቡ እንዲመሩን ተመረጡ፤ የቅኔ መምህር ናቸውና ስለ አብሾ ከሳቸው በላይ ማን ያውቃል? ጋሽ ደምሌ የወንበሩ ባለቤት ስለሆነ ገባ። እኔ ደግሞ ነገር ያሳምራል ስለምባል ገባሁ። የእብድ ገላጋይ ድንጋይ ያቀብላል የሚለውን ተረት ያስታወሰን አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሄድን። እናኑ ተነሥታ ተቀበለችን። ደንቡ ነውና፣ የመጣንበትን ሳትፈጽሚልን አንቀመጥም ብለን ቆምን። ይሁኔ በሩ አጠገብ ስልክ ይፈታ ነበር፤ ቀና ብሎ እጅ ነሣንና ወደ ሥራው ተመለሰ። ነገሩን አቀረብኩ። አሳምሬ ነው ያቀረብኩት። የአገር ክብር አነሣሁ። ለሞጣው ጨዋታ ብቻ ነው አልኩ። ክኒን የትም አይሄድም፣ ሊቅነት ግን አንዴ ከሄደ አይመለስም አልኩ። ጋሽ ደምሌን እንባ ቢጤ ሞክሮት ነበር።

እናኑ እስክጨርስ ሰማችኝ። ትቆጣለች ብለን ነበር፤ አልተቆጣችም። "አባቶቼ፣ ሽማግሌ አይናቅም። የመጣችሁበትን እሺ ብያለሁ" አለች። ተያየን። እንዲህ በቀላሉ የተሳካ ሽምግልና አይቼ አላውቅም። ልንቀመጥ ስንል ግን፣ "ቆዩ እንጂ" አለች። "በአገራችን ያለ ዋስ ነገር ያልቃል እንዴ? ወንድሜ ይታመም ብላችኋል፤ እሺ፣ ይታመም። ሲታመም ቤቱ የሚያኖረው፣ እንቅልፍ ሲያጣ አብሮት የሚቀመጥ፣ ሲያለቅስ የሚይዘው፣ ከሞጣ መልስ ደግሞ እንደዛሬው አድርጎ የሚያስረክበኝ ዋስ ጥሩልኝ። በሉ፣ ዋሱ ማን ነው?"

ዋስ ማለት ጎጃም ውስጥ ቀልድ አይደለም። በሬ ቢሸጥ ዋስ ይጠራል፤ የተጣላ ቢታረቅ ዋስ ይጠራል። ዋስ ያላገኘ ሰው ነገሩ አይጸናለትም። ታዲያ ከተማ ሙሉ የሚኮራበትን ሊቅ ለአንድ ሰሞን ቤቱ የሚያኖር ሰው ይጠፋል? ጋሽ ደምሌን አየሁት። ጋሽ ደምሌ ጣሪያውን አየ። ቤቴ ጠባብ ናት፣ ልጆቹም ይፈሩታል አለ። ልጆቹ ከይሁኔ ጋር ፎቶ ሲነሡ የሚውሉት ናቸው። እኔም በበኩሌ ሚስቴን ሳላማክር አልኩ። ሚስቴን ስለምንም ነገር አማክሬ እንደማላውቅ እናኑ ታውቃለች፤ ሚስቴ ደንበኛዋ ናት።

ያኔ ይሁኔ ከስልኩ ቀና ሳይል ተናገረ። "ጋሼ፣ አይድከሙ" አለኝ። "ሲያመኝ ለሚመጣው ለዚያ ሰውዬ ዋስ እኔም ስፈልግለት ከርሜ አጥቻለሁ።"

ድምፁ ለስላሳ ነበር። ለካ እኛ ስናጨበጭብለት የከረምነው ሰውዬ ይሁኔን ሲያስፈራራው ነው የከረመው።

መሪጌታ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ አብሮኝ ቅኔ የተማረ፣ አብሾ የጠጣ አንድ ወንድም ነበረኝ አሉ። ቅኔው ዛሬም በጉባኤ ይነሣል፣ ይደነቃል። እሱን ማን አበላው፣ የት ወደቀ ቢባል ግን የሚመልስ የለም፤ እኔም አልመልስም አሉ። ከዚያ ወደ እናኑ ዞረው፣ ልጄ፣ ክኒኑን ስጪው ብለው ተቀመጡ። እኛም ተቀመጥን። ምሳ ቀረበልን። ከሁላችንም በላይ የበላው ይሁኔ ነው።

ሞጣ ሄድን። ይሁኔ ደብረ ወርቅ እስክንደርስ መኪናው ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሲጫወት እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ክኒኑ ነው አለ፣ እንደ ተራ ነገር። ጨዋታው ረዘመ። የሚከራከር ስለሌለ፣ ጆሮውን የደፈነም ስለሌለ፣ ለማየት የመጣው ሰው ሰለቸውና እየሾለከ ወጣ። ስልክ አውጥቶ የቀረጸ አልነበረም። ከድር ላቡን ሲጠርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ይሁኔ ተሸነፈ። እጁን ዘርግቶ፣ ያችን የዳር ወታደርህን ንቄያት ነው ጉድ የሠራችኝ አለና ሳቀ። ከድርም ምሳ ጋበዘን፤ ሥጋው እንዳያለያየን ሽሮ አዘዘ። እጃችንን ስንታጠብ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ እስከ ዛሬ ይህ ሰው ከእኔ ጋር ተጫውቶ አያውቅም ነበር፣ ከማን ጋር እንደሚጫወት አላህ ይወቅ፤ ዛሬ ግን ከእኔ ጋር ተጫወተ፣ ጨረሰኝ አለኝ።

ቢቸና ስንመለስ ፍርዱ ተሰጥቶ ጠበቀን፤ ክኒኑ ገደለው ተባለ። በፊትም እኮ ይሸነፍ ነበር አልኩት ጋሽ ደምሌን። እንደ ሞኝ አየኝ። ያኔ የተሸነፈው በሊቅነት ነው፤ ዘንድሮ ዝም ብሎ ነው የተሸነፈው አለኝ። ለዚህ መልስ ያላችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

አሁን ይሁኔን የሚቀርጸው የለም። ሥራውን ሲጨርስ ይመጣል፣ ከተገኘው ሰው ጋር ይጫወታል፣ ራቱን ሊበላ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ደህና ልጅ ነው ይባላል። እናኑ ግን ገበያው መካከል ሆና ስትስቅ ከሩቅ ትሰማለች።

የሊቅ ወንበሩ ባዶ ቀረ፤ ከተማ ደግሞ ያለ ሊቅ አያድርም። ባለፈው ሰሞን ይህችን ወግ ልጽፍ ሻይ ቤት ገባሁ። ሌላ ቦታ ስላልነበረ ግድግዳው ሥር፣ በዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ደግሞ ስጽፍ ቃሉን በአፌ ካላልኩት አይጥመኝም፤ አንዳንዴም እጄን አወናጭፋለሁ። ቀና ስል ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል። አንዱ ስልኩን አነጣጥሮብኛል። ከወዲያ ጥግ፣ አብሾ ሳይኖርበት አይቀርም ሲባል ሰማሁ። ያላዘዝኩት ሻይ መጣ፤ ጋሽ ደምሌ ራሱ ነው ያመጣው፣ በሁለት እጁ ይዞ። አልዋሽም፣ ሻዩ ጣፋጭ ነበር።

ጠጥቼ ጨረስኩና በቀጥታ ይሁኔ ሱቅ ሄድኩ። የሆነውን ነገርኩት፤ የሚመጣው አይታወቅምና ዋስ ትሆነኛለህ ወይ አልኩት። ሳይስቅ ሰማኝ። የያዘውን ስልክ አስቀመጠ።

"እሆናለሁ ጋሼ" አለ። "መጀመሪያ ግን ይንገሩኝ፣ ዛሬ እህል በልተዋል?"

ከሻዩ በቀር ምንም አልቀመስኩም ነበር።