ለጊዜው የሞተችው ዘፋኝ

(የኮንሰርት አዳራሽ። አንድ ኦርኬስትራ የሙዚቃዊ ተውኔት ዘፈኖችን ሊያቀርብ ተሰይሟል። ከፊት ረድፍ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው የመነጽር ቤት ሠራተኛ ነው፤ እጩው እንበለው። ሊያገባት የሚፈልጋትን ልጅ አባት ጋብዞ ያመጣቸው ዛሬውኑ ፈቃዳቸውን ሊያገኝ ነው። አባት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።)

አባት፦ እኔ አሁንም ነውር ነው ባይ ነኝ። ይህን ሁሉ ሰው ጠርቶ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል?

እጩው፦ ጋሼ፣ እሱ እኮ የኦርኬስትራው መሪ ነው።

አባት፦ እኔም ለተሳፋሪ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የኖርኩት። ግን መንገድ ስለማይ ነው። እሱ ምን እያየ ነው?

እጩው፦ ግድግዳውን። ድምፁ እዚያ ነጥሮ ሲመለስ የሚቀበለው እሱ ነው።

አባት፦ እርግጠኛ ነህ? ባታውቀውም አልቀየምህም።

እጩው፦ አመሰግናለሁ ጋሼ። ግን አውቀዋለሁ።

(ሙዚቃው ይጀመራል። ዘፋኟ ባሕር ሄዶ ስለቀረ መርከበኛ ፍቅረኛዋ ታንጎራጉራለች።)

አባት፦ (በሹክሹክታ) ያ ከኋላ ትንሿን ብረት ይዞ የቆመው ሰውዬ ለምንድን ነው የማይጫወተው?

እጩው፦ ተቀጥቶ ነው። ልምምድ ላይ አርፍዶ።

(ሰውዬው ብረቷን አንድ ጊዜ መታ ያደርጋታል።)

አባት፦ መታ እኮ።

እጩው፦ ምሕረት ተደረገለት።

(ዘፈኑ ያልቃል። አባት ሊያጨበጭቡ እጃቸውን ያነሳሉ፤ እጩው ቀስ ብሎ ያወርድላቸዋል።)

እጩው፦ አሁን አይጨበጨብም።

(አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል።)

አባት፦ ሰዉ ሁሉ እያጨበጨበ ነው።

እጩው፦ ሰዉ ምን ያድርግ፣ የሚነግረው አላገኘም።

(በሁለተኛው ዘፈን ዘፋኟ መርዝ ጠጥታ ትሞታለች። በሦስተኛው እሷው ተመልሳ ነገ ስለሚደገሰው ሠርጓ ትዘፍናለች።)

አባት፦ ቅድም ሞታ አልነበረም እንዴ?

እጩው፦ ለጊዜው ነው የሞተችው።

አባት፦ ለጊዜው?

እጩው፦ መርዙ ጊዜው ያለፈበት ነበር።

አባት፦ እሺ፣ ታዲያ ማንን ነው የምታገባው? መርከበኛው እንደሆነ ባሕር በልቶት ቀርቷል።

እጩው፦ ወንድሙን።

አባት፦ ወንድም እንዳለው ማን ነገረህ?

እጩው፦ ቫዮሊኖቹ። ግራና ቀኝ ተከፍለው የተቀመጡት ለምን መሰለዎት? አንዱ ወገን ሟቹ ነው፣ ሌላው ታናሽ ወንድሙ።

(አስተዋዋቂው ይወጣል። የዛሬዎቹ ዘፈኖች እያንዳንዳቸው ከተለያየ ተውኔት የተወሰዱ መሆናቸውን ለታዳሚው ያስታውስና ተመልሶ ይገባል። እጩው የኮቱን ኮሌታ ያስተካክላል።)

አባት፦ ሰማኸው?

እጩው፦ ሰማሁት።

አባት፦ የተለያየ ተውኔት ነው አለ። አንድ ታሪክ አይደለም አለ።

እጩው፦ ተሳስቷል። ለሥራው አዲስ ይመስለኛል።

አባት፦ (ግንባራቸውን በመሐረብ ጠርገው) ልጄ፣ እስቲ ወደ እኔ ዙር። ሰው ሁሉንም ነገር አያውቅም። እኔ ለምሳሌ ያንን ጥግ ላይ የቆመውን፣ ከሰው የሚበልጠውን መሣሪያ ስሙን አላውቀውም። ይኸው፣ አላውቅም አልኩ። ምን ሆንኩ? ምንም። እንዲህ ቀላል ነገር ነው። አንተስ?

እጩው፦ እኔ አውቀዋለሁ።

አባት፦ ስሙ ማን ነው?

እጩው፦ የቫዮሊን አባት።

(አባት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እጩው ሙዚቃው ልባቸውን የነካው መስሎት ደስ ይለዋል። ኮንሰርቱ በዚህ ሁኔታ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ሙዚቀኞቹ መሣሪያቸውን እየሰበሰቡ ነው፤ ሰዉ ወጥቷል። ሁለቱ ከወንበራቸው አልተነሱም።)

እጩው፦ እንግዲህ ጋሼ፣ አብረን አመሸን፣ ያልገባዎትንም እንዳቅሜ አስረዳሁዎ። ልጅዎን እንዳገባ ይፍቀዱልኝ። ከእሷ ሌላ አልፈልግም።

አባት፦ እኔማ ደስ ባለኝ። እሷ ግን ስትሸኘኝ አንድ አደራ ሰጥታኛለች። «አባዬ፣ እወደዋለሁ። ግን ዕድሜ ልኬን ከሁሉን አዋቂ ጋር መኖር አልችልም። ዛሬ ሞኝ ሆነህ ያገኘኸውን ሁሉ ጠይቀው። አንድ ጊዜ እንኳ ‹አላውቅም› ካለ እሺ በለው። ካላለ ይቅርብኝ» ብላኛለች። ይኸው ስለምንህ አመሸሁ።

(እጩው ፊቱ ደም ይለብሳል።)

እጩው፦ ይሄንንማ አውቅ ነበር።

አባት፦ አውቀህ ነበር?

እጩው፦ ገና በር ላይ ነው የገባኝ።

አባት፦ ካወቅህ ታዲያ፣ እንዲህ እየወደድካት፣ አንዷን ቃል ማለት ለምን አቃተህ?

(እጩው ወደ መድረኩ ያያል፤ የሚያግዘው የለም። ትከሻው ይወርዳል።)

እጩው፦ አላውቅም፣ ጋሼ።

(አባት በረጅሙ ይተነፍሳሉ። ባርኔጣቸውን አንስተው ይቆማሉ።)

አባት፦ ተመስገን። በል ተነስ፣ እጮኛህ መልስህን ልትሰማ ውጭ ብርድ ላይ ቆማለች።