ፈርሞ መመለስ የለም

(መቐለ፣ ሓወልቲ አካባቢ፣ የአንድ ጁስ ቤት በረንዳ። ፈለቀ አንድ ጊዜ ለምስክርነት ፍርድ ቤት ከቆመ ወዲህ ራሱን ጠበቃ ያደረገ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። ኣታኽልቲ በአሮጌ መኪናው በየቀኑ በነጻ ወደ ቤት የሚያደርሰው ባልደረባው ነው።)

ፈለቀ፦ አይመለስም አልኩህ! ግማሹን ጠጥተህ ምን ተብሎ ይመለሳል?

ኣታኽልቲ፦ ዋእ! ጋሽ ፈለቀ፣ እኔ አቮካዶ ብቻ ነው ያዘዝኩት። ይሄ ፓፓያ አለበት።

ፈለቀ፦ ይህን ለማወቅ ግማሽ ብርጭቆ ፈጀብህ? ምላስህም እንደ መኪናህ ካልሞቀ አይነሳም ማለት ነው።

ኣታኽልቲ፦ መኪና ካነሳህ አይቀር... ሸጥኳት እኮ።

ፈለቀ፦ (ጁሱ ትን ይለዋል) ያቺን? ሰው ገዛት? በገንዘብ?

ኣታኽልቲ፦ ትናንት ተፈራረምን። ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዳገት ላይ እንደምትቆም አልተናገርኩም። ገዢዋ ውሉን ማፍረስ ትችላለች?

ፈለቀ፦ ሴት ናት ደግሞ? አትችልም! ከፈረመች አበቃ። ዓይን የተሰጣት ለኩል ነው እንዴ? አይታ መግዛት ነበረባት።

ኣታኽልቲ፦ አዲስ ቀለም አስቀብቼ ነበር።

ፈለቀ፦ ተሞሽራ ነዋ የሄደችው! ታዲያ ምን ጎደለባት?

ኣታኽልቲ፦ ባሏም አያውቅም። በስሙ ነው የገዛችለት፤ ድንገት ላስደስተው ብላ።

ፈለቀ፦ አቤት ደስታ! በምን ሥልጣን ፈረመች?

ኣታኽልቲ፦ ሙሉ ውክልና ሰጥቷታል። በየቢሮው ሰልፍ መቆም አይወድም።

ፈለቀ፦ (ጠረጴዛውን ይመታል) በቃ፣ ዶሴው ተዘጋ! ውክልና የሰጠ ሰው በገዛ እጁ እንደፈረመ ይቆጠራል። እኔም ለየትምወርቅ ሰጥቻታለሁ። ልዩነቱ፣ የኔዋ ሳታማክረኝ ሽንኩርት አትገዛም።

ኣታኽልቲ፦ (ጁሱን ያማስላል) ሽንኩርት እንኳ?

ፈለቀ፦ ሽንኩርት እንኳ! ቤት መምራት ይሉሃል ይሄ ነው። ያኛው ባል ተብዬ ግን ይተኛ።

ኣታኽልቲ፦ ገንዘቡ ለቤት መሥሪያ ያጠራቀሙት ነበር።

ፈለቀ፦ መኪናዋ ውስጥ ይደሩዋ! ዝናብ አታስገባም አይደል?

ኣታኽልቲ፦ በኋላ በር በኩል ትንሽ ታስገባለች... ሓወይ፣ ወንድሜ፣ የምሬን ነው፤ አሳዘኑኝ። እኔ ሻጩ በፈቃዴ ባፈርሰውስ?

ፈለቀ፦ አብደሃል? እሱማ እስር ቤት አለው!

ኣታኽልቲ፦ እስር ቤት?

ፈለቀ፦ በሕጋዊ ሰነድ መቀለድ ነዋ! ገንዘቡን ያዝ፣ አፍህን ዝጋ። እኔ ነኝ ያልኩህ።

ኣታኽልቲ፦ እርግጠኛ ነህ?

ፈለቀ፦ ፍርድ ቤት የቆምኩት እኔ ነኝ አንተ?

ኣታኽልቲ፦ (በረጅሙ ተንፍሶ ቁልፍ ያወጣና ፈለቀ ፊት ያስቀምጣል) በል እንግዲህ፣ ርሑስ፣ የተባረከ ይሁንልህ።

ፈለቀ፦ ምንድን ነው ይሄ?

ኣታኽልቲ፦ ቁልፍ። ወይዘሮ የትምወርቅ ለባለቤቴ ስጥልኝ ብላኝ ነው።

ፈለቀ፦ (ድምፁ ይሰልላል) የትምወርቅ... የኔዋ?

ኣታኽልቲ፦ ሽንኩርት ስላልሆነ ይሆናል ያላማከረችህ።

ፈለቀ፦ የቤት መሥሪያችንን! ያቺ ቆርቆሮ መሆኗን አታውቅም እንዴ?

ኣታኽልቲ፦ ከየት ታውቃለች? ማታ ማታ ቤት ገብተህ «እንደ ነፋስ አደረሰችኝ» ስትል ነው የምትሰማው። ዳገቱን እየገፋሃት እንደመጣህ አንድ ቀን ነግረሃታል?

ፈለቀ፦ ኣታኽልቲ፣ ወንድሜ፣ ውል እኮ ሊፈርስ ይችላል። የተደበቀ ጉድለት አለባት!

ኣታኽልቲ፦ ከማን ተደበቀ? በውክልና የፈረምከው አንተ ነህ። አንተ ደግሞ ከኔ በላይ ታውቃታለህ፤ እኔ መሪ ላይ ስቀመጥ ከኋላ የምትሆነው አንተ ነህ።

ፈለቀ፦ እሺ በስምምነት! በፈቃድህ! አሁን ያልከው እንዳለ ይሁን!

ኣታኽልቲ፦ እኔማ ለዚያው ነበር የጠራሁህ። «ባንክ እንሂድ፣ ገንዘባችሁን ውሰዱ» ልልህ ነበር። እስር ቤት አለው አልከኝ። የልጆች አባት ነኝ ጋሼ፣ ሕግ እፈራለሁ።

ፈለቀ፦ እስር ቤቱን እኔ ነኝ የፈጠርኩት!

ኣታኽልቲ፦ ዋእ! ፍርድ ቤት የቆመ ሰው እንዲህ ይላል? (ይነሳል) ይልቅ ተነስ። ቤታችሁ ላደርሳት ስል እንዳየሱስ ዳገት ግማሽ ላይ ቆማብኛለች።

ፈለቀ፦ ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?

ኣታኽልቲ፦ አንተማ ዛሬ ባለ መኪና ነህ፣ መሪውን ያዝ። ተራው የኔ ነው፤ እኔ እገፋልሃለሁ።