የዋንጫ ጨዋታና የጎርፍ ተራ

ሁለት ነገር እኩል የሚወድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ራሱን ሲሸመግል ይኖራል። እኔ ጌምና አፈር እወዳለሁ። ሳቁ፣ ግዴለም! በጋ ላይ ከቆቦ በላይ ባለው ተራራ ለእርከን ድንጋይ ስሸከም ያየኝ ሰው «እንዴት ያለ ጨዋ ነው» ይላል፤ ቅዳሜ ጌም ቤት ውስጥ ስጮህ ሲሰማኝ ደግሞ ምስጋናውን መልሶ ይወስዳል። ዕድሜዬን አትጠይቁኝ፤ ሽበት ጀምሮኛል።

በዚህ ነገሬ ከሁሉ በላይ የምትናደደው ታላቅ እህቴ ዘምዘም ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳዋን የያዘችው ብቻዋን ነው። እኛ ቆላው ላይ ዝናብ አይታመንም። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ደረቁ ወንዛችን በጎርፍ ይሞላል፤ ያንን ጎርፍ በአሸዋና በቅርንጫፍ ግድብ ጠልፈን፣ በተራ በተራ ወደየማሳችን እናስገባዋለን። ተራው ደርሶ ግድቡን የሚይዝለት ክንድ ያጣ ሰው ውሃው ጥሶ ወደ አፋር ሲወርድ ቆሞ ያያል። የእትዬ ዘምዘም ማሽላ ያን ሰሞን ቅጠሉ ተጠቅልሎ ነበር። አንድ ጎርፍ ካላገኘ አለቀለት።

እንግዲህ ዕድሌን ተመልከቱልኝ፤ የእሷ ተራና የጌም ቤታችን የዋንጫ ፍጻሜ አንድ ቀን ዋሉ! ተጋጣሚዬ ሀብታሙ ነው፤ ጠዋት ባጃጅ የሚነዳ፣ ከሰዓት የአባቱን ማሳ የሚያርስ፣ በመካከሉ እኔን የሚያሸንፍ ሰው። እየፈራሁ ለእትዬ ነገርኳት። ጌም ቤቱ ለወንዙ ቅርብ ስለሆነ ደራሽ ጎርፍ ሲሰማ በርሬ እንደምደርስ ማልኩላት። ጌምን የሸይጧን ሥራ የምትል ሴት፣ ያን ቀን ሂድ ግዴለም አለችኝ። ልቧ ራርቶ ነው ብዬ መረቅኳት።

ቤቱ በተመልካች ጢም ብሏል። ሁለት ለአንድ እየመራሁ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ደመና የሚባል የለም። በዚህ መሃል ከውጭ ደራሽ መጣ የሚል ጩኸት ተሰማ። በእኛ አገር ይህን ሰምቶ ቁጭ ማለት ነውር ነው። ጆይስቲኩን መጀመሪያ የጣለው ሀብታሙ ነበር። እየተሸነፈ ስለነበር ነው እንዳልል፣ ወንዝም የደረሰው ከሁላችንም ቀድሞ ነው።

ምን ብዬ ልንገራችሁ? ውሃው ገና አልታየም፣ ድምፁ ግን መሬቱን ያንቀጠቅጠዋል። ከዚያ ከመታጠፊያው ብቅ አለ፤ ቡናማ፣ አረፋ የደፈቀ፣ የዛፍ ግንድ እንደ ገለባ የሚያንከባልል። ትናንት ፍየል ይሻገርበት የነበረው አሸዋ በዓይናችን ፊት ጠፋ። በጌም ስንት ሠራዊት መልሼ አውቃለሁ፤ ይህን ግን በየትኛው ቁልፍ ልመልሰው? ያረቢ! ሰው ምን ያህል ትንሽ ነው!

ግን ይኸው ትንሽ ሰው ግድቡ ላይ ተሰለፈ። አዛዥ የለም። አንዱ አሸዋ በጆንያ ይሞላል፣ አንዱ ይቀበላል፣ ሀብታሙ ግድቡ ሊሰነጠቅ ሲል ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠበት። ውሃው ገፋን፣ ገፋን፣ በመጨረሻ እንደ ተቆጣ በሬ አንገቱን አዙሮ ወደ ቦዩ ገባ። የእትዬ ማሳ ዳር ደርሰን የመሬቱ ስንጥቅ ሁሉ ውሃውን ሲጠጣ ሰማን። አዎ፣ ሰማን፤ መሬቱ ፉጨት ነበረው። ያ ሁሉ ጯሂ ጎረምሳ ጆሮውን ወደ መሬቱ አዘነበለ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ያሳፍራል?

ጭቃችንን ይዘን ስንመለስ የጌም ቤቱን ባለቤት ጨዋታውን አስጨርሰን አልኩት። ቀኑን የቆረጠው ሰው ሳይፈቅድ አይሆንም አለኝ። ማነው እሱ? አልኩት። እህትህ ናታ፣ ፍጻሜው በተራዬ ቀን ይሁንልኝ ብላ ደጅ ስትጠናኝ ነው የሰነበተችው፣ አይለኝም!

በርሬ ሄድኩ። እትዬ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ፣ ቅንጣት አላፈረችም። ይህን ሁሉ ጎረምሳ ከለቅሶ ቤት ሌላ አንድ ላይ የት ላገኘው ነው አለችኝ። ቀጥላም ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «አብሽር፣ የተቋረጠውን ለሀብታሙ ተራ ቀን አስይዤላችኋለሁ» አለችኝ።