ጋሼ ጅምር የሠርጉን ኬክ ቁንጮ ዓመት ስለ ማድረሳቸው

ትልቁ ፍሪዘር በሦስተኛ ፎቅ በነገሠ በአራተኛው ዓመት፥ የደረጃው አምፖል ተቃጥሎ ሁላችንም «ነገ እንቀይረዋለን» ባልን በዘጠነኛው ወር፥ የፍሪጅ ጠጋኙ፥ የኮምፕረሰር አስታማሚው፥ ጠብታ ውኃ ከየት እንደሚመጣ አሽትተው የሚያውቁት የጋሼ ጅምር ዜና ይህ ነው። ንጽሕፍ ዜናሁ፥ እንዳይረሳ፤ ባይጻፍም የሚረሳው የለም እንጂ፥ ሕንፃው ሁሉ እስካሁን እየሳቀበት ነውና።

ጅምር የተባሉበትም ምክንያት ይህ ነው። የመኝታ ቤታቸውን በር ግማሹን ሰማያዊ ቀብተው የቀረውን ለነገ ካሉ ስድስት ዓመት ሆኗል፤ በሳሎናቸው ሦስት ሬዲዮ ሆዱን ተከፍቶ ተኝቷል፤ ለባለቤታቸው የጀመሩት መደርደሪያም አንድ እግር ጎድሎት ግድግዳ ተደግፎ ይኖራል። ስለዚህ ጎረቤት ስማቸውን ትቶ ጅምር አላቸው። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፤ ሳቁን ግን ከሁሉ ቀድመው ያቆማሉ።

ወእምዝ የእህታቸው ልጅ ተዳረች፥ ባለ ሦስት ደርብ ነጭ ኬክም ቆመ። ጠዋት ኬክ ሠሪዋ ይዛው ስትመጣ ጣቷን ወደ ላይኛው ደርብ እየቀሰረች ረጅም ነገር ነግራቸው ነበር፤ እሳቸው ግን የአዳራሹን በር ስፋት በሜትር እየለኩ ነበሩና «እሺ፥ እሺ» ብለው አሳለፏት። ይህችን እሺ አንባቢ ይያዝልን።

የታችኞቹ ደርቦች ተቆርሰው ሊታደሉ ሲል ሙሽሪት ስልኳን ከፍ አድርጋ እንዲህ ስትል አዋጅ ነገረች፦ «ስሙኝማ! ድሮ በሩቅ አገር ቂጣ በሙሽራዋ ራስ ላይ ይፈረፍሩ ነበር አሉ፥ ልጅ ይብዛ ብለው። ደግ ነው እኔ ያኔ አልተዳርኩ፥ ለፀጉሬ ስንት ሰዓት ተቀምጫለሁ! ኋላ ደግሞ ትንንሽ ኬክ ይቆልሉና፥ ሙሽሮቹ ክምሩን ሳይንዱ ከላዩ ከተሳሳሙ ዕድላቸው ይቀናል ተባለ። ነጭ መሆኑም ነጭ ስኳር የሀብታም ስለነበረ ነው። ቁንጮው ግን ዛሬ አይነካም! ዓመት ተቀምጦ ሁለታችን እንቆርሰዋለን፤ እሱ ከደረሰ እኛም ደረስን ማለት ነው። ሰው ሁሉ ለሌላ ስጪው ብሎኛል፤ እኔ ግን ለአንተ ነው የምሰጠው። ጋሼ፥ አደራ!»

በዚያች ሰዓት የጋሼ ጅምር ደረት ሰፋ፥ ክራቫታቸውም ጠበበ። ቁንጮውን ታቅፈው ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሲዘምቱ፥ ከፊት ባለቤታቸው ቁልፍ ይዘው፥ በስተግራ የምድር ቤቷ ነርስ ባለ ተረከዝ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፥ ከኋላ ጎረቤታችን ታክሲ ነጂው «ቀስ! ቀስ!» እያለ፥ ከሁሉም ኋላ ልብስ ሰፊው፥ የዚህ ዜና ጸሐፊ፥ ምንም ሳይሸከም እያለከለከ ተከተሏቸው። ሸክሙም እጅግ ቀሎ ቢያገኙት የብርታታቸው ምልክት መሰላቸው።

ፍሪዘሩ ሲከፈትም ዶሮና ዓሣ ከመንበራቸው ተሻሩ። ባለቤታቸው ይህን አይተው አወጁ፦ «አንተ ሰውዬ፥ ስማኝ! ይህ ባለ አበባ ነገር የኔን ዶሮ አስወጥቶ ከነገሠ፥ ዓመት ሙሉ ምስር ነው የምትበላው። ፊትህን ብታጨማድድ ደግሞ ምስሩም ይቀራል!» ቃላቸውንም አላጠፉም።

ወኮነ በሳብዕ ወርኅ፥ በሰባተኛው ወር፥ መብራት ሄዶ ሁለት ቀን ሙሉ ቀረ። ጋሼ ጅምር የደንበኛ ፍሪጅ ፈትተው በተኑና ሮጡ፤ ፍሪዘሩን የአልጋቸውን ብርድ ልብስ አለበሱት፥ ከዓሣ ሻጩ በረዶ አስመጡ፥ ነርሷም የትኩሳት መለኪያ አዋሰቻቸው። ታክሲ ነጂው አምስት ባልዲ አመላለሰ፤ ልብስ ሰፊው አንድ ተሸክሞ ሁለት ጊዜ አረፈ። ጋሼም ደረጃው ላይ ቆመው «ይህን ክዳን የሚከፍት ጎረቤቴ አይደለም!» ሲሉ አወጁ፤ አውጀውም በየሩብ ሰዓቱ ራሳቸው እየከፈቱ አዩት።

ወእምዝ ዓመት ደረሰ። ሁሉም በሳሎናቸው ተሰበሰበ፤ ሙሽሮቹም ቢላውን አብረው ይዘው ጫኑ። ቢላውም አልገባም። ባልየው ትከሻውን ጨምሮ ቢጫን አንዳች ነገር ጭርር አለ፥ ነጭ ፍንጣሪም በርሮ የነርሷ ፀጉር ላይ አረፈ። ናሁ፥ ከስኳሩ ሥር የተገኘው አዲስ ፍሪጅ ታሽጎ የሚመጣበት ፎም ነበር፤ ጋሼ ጅምር ሠላሳ ዓመት ከካርቶን እያወጡ የጣሉት፥ ከሰው ሁሉ ይልቅ የሚያውቁት።

ኬክ ሠሪዋ ተደወለላትና ቃሏ ለሁሉ እንዲሰማ ሆኖ ወጣ፦ «ኧረ ጋሼ! መንገድ ላይ እንዳይናድ የላዩን ፎም አድርጌዋለሁ፥ ለመልክ ነው እንጂ አይበላም ብዬ በር ላይ ነግሬዎት የለም እንዴ? እሺ እሺ አላሉኝም?»

ጋሼ ጅምር አንገታቸውን ደፉ። በዕድሜያቸው ጀምረው ከዳር ያደረሱት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነበር፤ እሱም ፎም ሆነ። የማንንም ፊት ላለማየት ግማሽ ሰማያዊውን በር አዩ፤ እሱም አላጽናናቸውም።

የእህታቸው ልጅ ግን ሳቋ እንባዋን እስኪያመጣው ስቃ ስታበቃ አወጀች፦ «ዝም በሉ! ኬክ ቢሆን ዛሬ በልተነው ያልቅ ነበር፤ ይህ ግን አያልቅም! ጋሼ ጠብቅ አልኩት፥ ጠበቀ፤ ውስጡ ምን እንዳለ መች ነገርኩት? በየዓመቱ ቢላ እንሞክርበታለን። እስከ ሃምሳኛ ዓመታችን ጠባቂው እሱ ነው!» ባለቤታቸውም አከሉ፦ «ከፍሪዘሬ ውጭ!»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከሦስተኛ ፎቅ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። መደርደሪያው እግሩ ሞላ፥ ከግድግዳም ተላቆ በራሱ ቆመ፤ ቁንጮው ቢላ የነካውን ጎኑን ወደ ውስጥ አዙሮ ላዩ ላይ ነገሠ፤ ዶሮም ወደ መንበሯ ተመለሰች።

እንግዲህ በበረዶ ባልዲ የተዋጉ፥ በምስር የጸኑ፥ የማይበላሸውን ከመበላሸት ያዳኑ፥ ማን እንደ ጋሼ ጅምር! ስማቸው ከፎሙ ጋር ይኑር፥ እሱ እንደሆነ አይበሰብስም። በሩ ግማሹ እንዳለ ነው፤ ነገ ብለዋል።